ሽፍታው ሞገድና የሳሎኑ መስታወት



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመካከላችሁ በመርከብ ተሳፍሮ፣ በየትኛውም በኩል የብስ በማይታይበት ባሕር ላይ ያደረ እጁን ያውጣ። አንድ፣ ሁለት፤ እዚያ ከኋላ አንድ እናት፤ ሌላስ? አራት። አመሰግናለሁ። እኔም እጄን አላወጣሁም። ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ እንጂ ባሕረኛ አይደለሁም። በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ሞገድ ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባችንን ያንገላታው ነው። እሱም ቢሆን ለእኔ በቂዬ ነበር።

ታዲያ ወደብ የሌለን ሰዎች ስለ ውቅያኖስ ሞገድ ምን አገባን? በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ሠልጥነው በባዕድ መርከቦች የሞተር ክፍል የሚሠሩ ልጆች አሉን። በውጭ የሚኖረው ዘመዳችንም እንደ ሌላው ሰው «ክሩዝ ወጣሁ» እያለ ፎቶ መላክ ጀምሯል። ፎቶው ላይ አሥራ ምናምን ፎቅ ያለው ነጭ ሕንፃ ውኃ ላይ ተቀምጧል። እናት ስልኩን ተቀብላ፣ መነጽሯን አስተካክላ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ «ይኼ ነገር አይገለበጥም?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የተሰነዘረበት ቦታ ግን ትንሽ ስቷል። መጠየቅ ያለበት ስለ መስኮቱ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ በየመካከሉ «እ.ኤ.አ.» እያልሁ አላደክማችሁም።

ማርች 3 ቀን 2010፣ ሜዲትራኒያን ባሕር። ሉዊስ ማጀስቲ የተባለ የመዝናኛ መርከብ ከባርሴሎና ተነሥቶ ወደ ጣሊያኗ ጄኖዋ እየተጓዘ ነው። ተሳፋሪና ሠራተኛ ተደምሮ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰው ጭኗል። ቀኑ ነፋሻማ ነው፤ ባሕሩ ተቆጥቷል፤ ነገር ግን ካፒቴንን የሚያስደነግጥ አልነበረም። አምስተኛው ፎቅ ላይ፣ ወደ ፊት በኩል፣ ትልልቅ መስኮቶች ያሉት ሳሎን አለ። ሰዎች ተቀምጠው ባሕሩን ይመለከታሉ። ለዚህ ነዋ የከፈሉት! በድንገት ሦስት ከፍተኛ ሞገዶች ተከታትለው መጡ። የሳሎኑ መስታወት ተሰብሮ ውኃው ሰውን፣ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን አንድ ላይ ጠርጎ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለት ተሳፋሪዎች፣ አንድ ጣሊያናዊና አንድ ጀርመናዊ፣ ሞቱ፤ 14 ሰዎች ቆሰሉ። መርከቡ ግን አልተገለበጠም፤ አልሰጠመምም። ዞሮ በራሱ ሞተር ባርሴሎና ተመለሰ።

የሞገዱ ቁመት ወደ 8 ሜትር ነው ተብሎ ተነገረ። 8 ሜትር አምስተኛ ፎቅ እንዴት ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል። መርከብ እንደ ሕንፃ በቦታው አይቆምም። አንዱን ሞገድ ተሻግሮ ፊቱ ወደ ሸለቆው ሲደፋ፣ መስኮቱ ራሱ ወደ ውኃው ይወርዳል። ውኃውም የመርከቡን ግንባር ሲመታ ከቁመቱ በላይ ሽቅብ ይፈናጠራል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

ስለዚያው መርከብ አንድ ወሬ ልጨምር፤ ከሞገድ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። በ1995 ስሙ ሮያል ማጀስቲ በነበረበት ጊዜ፣ የጂፒኤስ አንቴናው ገመድ ተነቅሎ መርከበኞቹ ሳያውቁ ከመስመራቸው ብዙ ርቀው አሜሪካ ናንተኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዳንድ መርከብ እንደ አንዳንድ ሰው ነው፤ መከራ ስሙን ቢቀይርም ያውቀዋል።

አሁን ስም ላውጣ። ይህን ዓይነቱን ሞገድ ፈረንጆቹ በየቋንቋቸው ወንበዴ፣ እብድ፣ ጭራቅ ይሉታል። እኔ «ሽፍታ ሞገድ» እለዋለሁ። ምክንያት አለኝ። ጭራቅ ከሌላ ዓለም የሚመጣ ነው። ሽፍታ ግን የመንደሩ ልጅ ነው፤ ከእነዚያው ሰዎች መካከል ተነሥቶ፣ በእነሱው እህል ጠንክሮ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆሞ ያገኛችኋል። ሽፍታ ሞገድም እንዲሁ ከጎረቤቶቹ ሞገዶች የተለየ ዘር የለውም። ከሱናሚም ጋር አታምታቱት። ሱናሚ የምድር መንቀጥቀጥ ልጅ ነው፤ ጥልቅ ባሕር ላይ ያለ መርከብ በሥሩ ሲያልፍ ላያውቀው ይችላል፤ አደገኛ የሚሆነው ዳርቻ ሲደርስ ነው። በ1972 የወጣውን «የፖሳይዶን ጀብዱ» ፊልም ያያችሁ፣ እዚያ መርከቡን ባሕር መካከል የሚገለብጠው ከባሕር ሥር የተነሣ የምድር መንቀጥቀጥ ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ፊዚክሱን ግን ተማሪዬ ቢጽፍልኝ አላሳልፈውም ነበር።

ሽፍታ ሞገድ የሚወለደው ከነፋስ ነው፤ መካከል ባሕር ላይ ይነሣል፤ ጥቂት ጊዜ ይቆማል፤ ተመልሶ ይጠፋል። ዱካ የለውም። ለዚህም ነው ያየው ሰው ሁሉ ሲነግር ውሸታም የተባለው።

ዱሞን ዱርቪል የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በ1820 ግሪክ ሚሎስ ደሴት ላይ የተገኘውን፣ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ያለውን የቬነስ ሐውልት ዋጋ ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ይኸው ሰው በ1826 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ 33 ሜትር የሚደርስ ሞገድ አየሁ ብሎ ጻፈ። አብረውት የነበሩም መሰከሩለት። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሳይንቲስት ፍራንስዋ አራጎ ግን በአደባባይ ተሳለቀበት፤ የባሕር ሞገድ ከ10 ሜትር ብዙም አይዘልም ተብሎ ይታመን ነበርና። እንግዲህ ዕብነ በረድ ሲያይ የታመነ ዓይን ውኃ ሲያይ ተሳሳተ ተባለ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1933፣ ራማፖ የተባለች የአሜሪካ ባሕር ኃይል የነዳጅ መርከብ ከማኒላ ወደ ሳን ዲዬጎ ስትጓዝ ከኋላዋ ትልቅ ሞገድ መጣ። መኮንኑ ከቆመበት ሆኖ ወደ ኋላ ሲመለከት የሞገዱ አናት ከመርከቧ ምሰሶ ላይ ካለው የቃፊር ማማ ጋር በዓይኑ መስመር ገጠመ። የመርከቧ ርዝመት ይታወቃል፤ የምሰሶው ቁመት ይታወቃል፤ ቀሪው የስምንተኛ ክፍል ጂኦሜትሪ ነው። 34 ሜትር ወጣ። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ መንገር እወድ ነበር፤ ሞት አፍጥጦበት ሦስት ማዕዘን የሚሠራ ሰው በየቀኑ አይገኝም።

እንዲህም ሆኖ ሊቃውንቱ አላመኑም። ግትርነት ብቻ አልነበረም፤ በእጃቸው የያዙት ስሌት ነው እምቢ ያሰኛቸው። ስሌቱን ላስረዳ፤ አስቸጋሪ አይደለም።

ጠዋት ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ የምንሰለፍበትን አስታውሱ። ተማሪዎቹን በቁመት ደርድሯቸው። ረጃጅሞቹን አንድ ሦስተኛ ለዩ፤ የእነሱን ቁመት አማካይ ውሰዱ። እንበል 1 ሜትር ከ70 ወጣ። የባሕር ሰዎችም ሞገድን የሚለኩት እንዲሁ ነው፤ ከሸለቆው እስከ አናቱ ያለውን ቁመት ይወስዱና የረጃጅሞቹን ሲሶ አማካይ ያወጣሉ። ራዲዮው «ዛሬ ሞገዱ 6 ሜትር ነው» ሲል ይህን ቁጥር ማለቱ ነው። እንግዲህ አንድ ጠዋት ከዚያ ሰልፍ መካከል 3 ሜትር ከ40 የሆነ ተማሪ ቢገኝ ምን ትላላችሁ? ሽፍታ ሞገድ ማለት እሱ ነው፤ ከዚያ አማካይ እጥፍ የበለጠ። ትርጉሙ ይኸው ነው። ስለዚህ ሽፍትነቱ በቁመቱ ብቻ አይታወቅም፤ በዙሪያው ካሉት ጋር ተነጻጽሮ ነው። በ2020 ካናዳ ቫንኩቨር ደሴት አጠገብ አንድ ተንሳፋፊ መለኪያ የመዘገበው ሞገድ 17.6 ሜትር ብቻ ነበር፤ በዙሪያው ያሉት ግን 6 ሜትር ገደማ ስለነበሩ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚህ ሚዛን ከተመዘገቡት ሁሉ ጉደኛው እሱ ነው።

የድሮው ስሌት፣ ሞገዶች በዘፈቀደ ይደራረባሉ ከሚል ግምት ተነሥቶ፣ ከ3 ሺህ ሞገድ አንዱ እጥፍ ይሆናል ይላል። በየ10 ሰከንዱ አንድ ሞገድ ካለፈ 3 ሺህ ሞገድ በስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያልቃል። ብዙም ብርቅ አይደለም ማለት ነው! ነገር ግን ባሕሩ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሜትር ስለሆነ፣ የዚያ እጥፍ 4 ሜትር ነው፤ ማን ልብ ይለዋል? በሦስት እጥፍ ሲጠየቅ ግን ስሌቱ ከ60 ሚሊዮን ሞገድ በላይ ቆጥራችሁ አንድ ታገኛላችሁ ይላል። የኋለኞቹ ሊቃውንት የመርከበኞቹን ምስክርነት የካዱት እዚህ ላይ ቆመው ነው።

የክህደቱ ዘመን ያበቃው በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ነው። ድራውፕነር የተባለ የጋዝ ማስተላለፊያ መድረክ በኖርዌይ በኩል ሰሜን ባሕር ላይ በብረት እግሮቹ ቆሟል። ከላዩ ወደ ታች ውኃውን የሚያይ የሌዘር መለኪያ ተገጥሞለታል። ዕለቱ ማዕበል ስለነበረ ሠራተኛው ሁሉ ውስጥ ተከቷል፤ ሞገዱን ያየ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ መለኪያው 25.6 ሜትር ጻፈ። የዚያን ሰዓት የረጃጅሞቹ ሲሶ አማካይ 12 ሜትር ገደማ ነበር። ይበልጥ የሚያስደንቀው ቅርጹ ነው፤ ከ25.6 ሜትሩ 18.5 የሚሆነው ከረጋው ውኃ ወለል በላይ ያለ አናት ነው። ሸለቆው ጥልቅ ሳይሆን ተራራው ረጅም። ከመድረኩ በታች በኩል የነበሩ ዕቃዎች ላይ የደረሰው ጉዳትም መሣሪያው እንዳልዋሸ መሰከረ። ስንት ካፒቴን ምሎ ያላሳመነውን አንድ የሌዘር ሳጥን አሳመነ። ይህ ለእኔ ለፊዚክስ መምህሩ ደስ ሊለኝ የሚገባ ታሪክ ነው፤ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ተመራማሪዎች በ2001 ከተነሡ የሁለት ሳተላይቶች የራዳር ምስሎች የሦስት ሳምንቱን ሲመረምሩ፣ በዓለም ዙሪያ ከ25 ሜትር በላይ ናቸው ያሏቸውን ከ10 የሚበልጡ ሞገዶች ማግኘታቸውን በ2004 አስታወቁ። በስሌታቸው ላይ የተከራከሩ ነበሩ። ስለ መኖሩ ግን ክርክሩ አበቃ።

እንዴት ነው የሚሸፍተው? መልሱ አንድ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም እስካሁን ይጨቃጨቁበታል።

የመጀመሪያው መንገድ ተራ ነው፤ ፈጣኑ ሞገድ ዘገምተኛውን ይደርስበትና አናት በአናት ላይ ይወጣል። ሁለተኛው የባሕር ጅረት ነው። ከሞዛምቢክ በኩል በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርድ አጉልሃስ የሚባል ኃይለኛ ጅረት አለ። ከደቡብ ውቅያኖስ የተነሣ ማዕበል በተቃራኒው ወደ ላይ ሲመጣ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። ሞገዱ ይጨማደዳል፤ ርዝመቱ ያጥራል፤ ቁመቱ ይወጣል። ጠባብ ደጃፍ ላይ የሚወጣና የሚገባ ሕዝብ ሲገናኝ የሚሆነውን አስቡት።

በዚያ ባሕር ላይ ነው ዋራታ የጠፋችው። አዲስ የእንግሊዝ የመንገደኛ መርከብ ነበረች፤ ጁላይ 26 ቀን 1909 ከደርባን ተነሥታ ወደ ኬፕ ታውን አመራች፤ 211 ሰዎች ነበሩባት። በማግስቱ ሌላ መርከብ አይቷት ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ሳንቃ፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ አስከሬን እንኳ በእርግጠኝነት የእሷ ነው የተባለ አልተገኘም፤ እስከ ዛሬ ስብርባሪዋ የት እንዳለ አይታወቅም። ክሎድ ሶየር የሚባል መሐንዲስ ደርባን ላይ ጉዞውን አቋርጦ ወርዶ ነበር። መርከቧ ወደ ጎን ስታዘነብል ቶሎ አለመመለሷ አላማረውም። በሕልሙም ሰይፍና በደም የራሰ ጨርቅ የያዘ ሰው ደጋግሞ ታይቶታል። ለሚስቱ በላከው ቴሌግራም ግን የጻፈው ሕልሙን አይደለም፤ መርከቧ ከላይዋ ከብዳ ስለታየችው ደርባን መውረዱን ነው። እንደ መሐንዲስ አሰበ፣ እንደ እኛ ሰው አለመ፣ ሁለቱም ውረድ አሉት። ዋራታን የጣላት ሽፍታ ሞገድ ነው የሚሉ አሉ፤ የራሷ አሠራር ነው የሚሉም አሉ። ምናልባት ሁለቱም ተረዳድተው ይሆናል፤ ካዘነበለች ቶሎ የማትመለስ መርከብ ለዚያ ባሕር አትሆንም።

ሦስተኛውን መንገድ ነው እኔ የምወደው፤ ምክንያቱም ሽፍታ ያልሁት ስም እዚህ ላይ ይጸድቃል። ሞገዶች በጥልቅ ውኃ ላይ ተከታትለው በሥርዓት ሲሄዱ አንዱ ከግራ ቀኙ ጉልበት መዝረፍ ሊጀምር ይችላል። ጎረቤቶቹ እያነሱ እሱ ያድጋል። ሃወል ፔረግሪን የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በ1983 ይህን በቀመር አሳየ፤ ሞገዱ ከምንም ተነሥቶ፣ በዙሪያው ካሉት ሦስት እጥፍ ደርሶ፣ ተመልሶ ይጠፋል። ለሃያ ስምንት ዓመት ወረቀት ላይ ኖረ። በ2011 ሃምቡርግ ውስጥ አንድ ረጅም የውኃ ገንዳ ላይ ተመራማሪዎች በትክክል አስነሡት፤ ቁመቱ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነበር። ቀጥለውም የልጆች መጫወቻ የሌጎ መርከብ አስቀምጠው ገለበጡባት። ሳይንስ አንዳንዴ በዚህ መልክ ይቀልዳል።

አራተኛው የሁለት አቅጣጫ ማዕበል መገናኘት ነው። ወደ ሉዊስ ማጀስቲ የሚመልሰን እሱ ነው። ያን ቀን ባሕሩን ያጠኑ ሰዎች በኋላ እንዳሳዩት፣ በሥፍራው ጉልበታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት የሞገድ ሰልፎች ከተለያየ አቅጣጫ መጥተው ይሻገሩ ነበር። በ2019 ደግሞ ኤድንበራ ባለው ክብ የምርምር ገንዳ ውስጥ የድራውፕነርን ሞገድ በትንሹ ሊሠሩት ሲሞክሩ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲነዱት ከሚፈለገው ቁመት በፊት ይሰበርባቸዋል። ሁለት ሰልፍ በ120 ዲግሪ ገደማ ሲያሻግሩ ግን ስብራቱ ሳያግደው ወደ ላይ ተተኮሰ። የዚያን ቅጽበት ፎቶ ያየ ሁሉ ያለው አንድ ነው፤ ጃፓናዊው ሆኩሳይ በ1830 ገደማ የሳለውን የታወቀውን ትልቅ ሞገድ ይመስላል።

በቃ፤ ፊዚክሱን ዘግቻለሁ። አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልመለስ፤ አይገለበጥም?

አንድ ጊዜ ለጥቂት ተርፏል። ዲሴምበር 1942፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኩዊን ሜሪ ከ10 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ጭና ወደ ብሪታንያ ስትጓዝ፣ ከስኮትላንድ ራቅ ብላ ሳለች 28 ሜትር የተገመተ ሞገድ ጎኗን መታት። 52 ዲግሪ ተጋደመች። በኋላ በተሠራ ስሌት ሦስት ዲግሪ ብትጨምር ኖሮ አትነሣም ነበር ይባላል። ተነሣች። ጦርነት ስለነበር ወሬው ለጊዜው ታፈነ። ዛሬ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ሆቴል ሆና ቆማለች፤ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና እንጀራ የሚበሉ ዘመዶች ያሏችሁ፣ ከዚያ በመኪና ሩቅ አይደለችም።

ከእሷ ወዲህ ያሉትን ስመለከት ግን ሌላ ነገር ይደጋገማል። ኤፕሪል 12 ቀን 1966፣ የጣሊያን ኩራት የነበረችው ማይክል አንጄሎ፣ ሥራ ከጀመረች ገና አንድ ዓመት ሳይሞላት፣ ወደ ኒው ዮርክ ስትሄድ አትላንቲክ ላይ ሞገድ ፊቷን መታት። ከውኃው ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ያሉ መስኮቶች ተሰበሩ፤ የፊት ግድግዳዋ እንደ ቆርቆሮ ተጨራመተ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። በ2001 ደቡብ አትላንቲክ ላይ በስምንት ቀን ልዩነት ብሬመንና ካሌዶኒያን ስታር የተባሉ ሁለት አነስተኛ የጎብኚ መርከቦች 30 ሜትር ያህል ነው ባሉት ሞገድ ተመቱ፤ በሁለቱም የተሰበረው የካፒቴኑ መቆጣጠሪያ ክፍል መስኮት ነው። ብሬመን ላይ ውኃው የኤሌክትሪክ መሣሪያውን አጥፍቶት ሞተሩ ቆመ፤ 137 ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ጎኑን ለማዕበሉ ሰጥቶ ያለ ኃይል ተንሳፈፈ፤ መርከበኞቹ ሞተሩን እስኪያስነሡ ድረስ። ኤፕሪል 2005 ኖርዌጂያን ዶን ከባሃማስ ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ 21 ሜትር የተባለ ሞገድ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ መስኮት ሰበረ፤ 62 ክፍሎች ውኃ ገባባቸው። ኖቬምበር 29 ቀን 2022፣ ቫይኪንግ ፖላሪስ፣ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረ አዲስ መርከብ፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወደ ኡሽዋያ ሲጓዝ ሞገድ የመኝታ ክፍሎችን መስታወት ሰብሮ አንዲት አሜሪካዊት ተሳፋሪ ገደለ፤ 4 ሰዎችን አቆሰለ።

አንድም አልተገለበጠም። ሁሉም ወደብ ገቡ። ሞት የገባው በመስታወት በኩል ነው።

የምለው እንግዲህ ይኼ ነው። የመርከብ አካል ብረት ነው፤ መሐንዲሶች ለመቶ ዓመት ሲያጠነክሩት ኖረዋል። ተሳፋሪው ግን ብረት ለማየት አይከፍልም። ባሕር ለማየት ነው የሚከፍለው፤ ባሕር የሚታይበት ክፍል ከማይታይበት ይወደዳል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይወደዳል። ገበያው መስኮቱን በየዓመቱ ያሰፋል። የመርከብ መስታወት ደንብ በበኩሉ መስኮቱ ከውኃው በራቀ መጠን የሚጠይቀውን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ውኃ እዚያ አይደርስም ከሚል ግምት ነው። የታች መስኮቶች በማዕበል ጊዜ የሚዘጉበት የብረት ክዳን አላቸው፤ የላይኞቹ ሳሎኖች ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ይህ ግምት የተወለደው ሞገድ ከዚህ አይበልጥም ይባል በነበረበት ዘመን ነው። ዱርቪል ላይ የተሳቀው ሳቅ ዛሬም በመስታወቱ ውፍረት ውስጥ አለ።

ይህን ስል ግን ሰው እንዳላስፈራራ እሰጋለሁ። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በእነዚህ መርከቦች ተጉዞ፣ ከልክ በላይ በልቶ፣ ወፍሮ ይመለሳል። እዚህ የቆጠርሁላችሁ የስድሳ ዓመት ታሪክ ነው፤ ከቤት እስከዚህ አዳራሽ የመጣችሁበት ታክሲ ከመርከብ ይልቅ ያሰጋኛል። የሚሠራ ነገርም አለ። የአየር ትንበያ ማዕከላት ዛሬ ከአማካዩ ቁመት አልፈው በአካባቢው ሊጠበቅ የሚችለውን ትልቁን ሞገድ ይገምታሉ፤ ሁለት ሰልፍ የሚሻገርበትን ባሕርም አስቀድመው ያያሉ። አንዱን ሽፍታ በስሙ ጠርቶ «በዚህ ሰዓት እዚህ ይቆማል» የሚል ግን የለም፤ ስለ አውራጃው እንጂ። አውራጃው ከታወቀ ካፒቴኑ መንገዱን ይቀይራል፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የፊቱን ሳሎን ባዶ ያደርጋል፤ መጋረጃ ሳይሆን ብረት ይዘጋል። ተሳፋሪውም ከሳሎን ውጡ ሲባል ስለ ከፈለው ገንዘብ መሟገቱን ትቶ ይወጣል። እናትየዋ ልጇን ልትመክረው የምትችለው ይህን ነው፤ ሲያናውጥ ከመስታወቱ ራቅ፣ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ።

አንድ ታሪክ ቀርቶኛል፤ ሆን ብዬ ያቆየሁት።

ሴፕቴምበር 1995፣ ድራውፕነር በተመዘገበበት በዚያው ዓመት፣ ኩዊን ኤልዛቤት 2 ከእንግሊዝ ወደ ኒው ዮርክ ትጓዛለች። ሉዊስ የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን አትላንቲክን ይዞታል። ካፒቴኑ ሮናልድ ዋርዊክ መንገዱን ቢያስተካክልም ማዕበሉ ደረሰበት፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ቀንሶ የመርከቧን ፊት ወደ ማዕበሉ አዙሮ ሌሊቱን ይጠብቃል። ጨለማ ነው። ድንገት ከፊት ለፊት ነጭ ነገር ታየ። ካፒቴኑ በኋላ ሲናገር፣ በደቡብ እንግሊዝ ዶቨር ላይ ወዳሉት ነጭ ገደሎች የሚነዳ መሰለው። የሞገዱ አናት እሱ ቆሞበት ከነበረው መቆጣጠሪያ ክፍል ጋር በዓይኑ ልክ ነበር፤ ይህም 29 ሜትር ገደማ ነው። ፊቷን ሰጥታው ስለነበር ሞገዱ ግንባሯ ላይ ተሰበረ፤ መርከቧ ተንቀጠቀጠች፤ ፊት በኩል ያለው የብረት አጥር ጎበጠ። ሰው አልሞተም። በአካባቢው የነበረ የካናዳ ተንሳፋፊ መለኪያም ተቀራራቢ ቁመት መዘገበ፤ በዚህ ጊዜ ውሸታም የተባለ ካፒቴን አልነበረም።

ያቺ መርከብ በ2008 ጡረታ ወጥታ ዱባይ ገባች፤ ከ2018 ጀምሮ ራሺድ ወደብ ላይ ታስራ ሆቴል ናት። ዱባይ እህት፣ ወንድም፣ ልጅ የሌለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አይመስለኝም። ስትደውሉላቸው ንገሯቸው። አንድ ቀን ዕረፍት ሲኖራቸው መርከቧን የሚያስጎበኙ አሉ፤ ጉብኝቱ እስከ ካፒቴኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ድረስ ይዘልቃል። እዚያ መስኮቱ ጋ ይቁሙና ወደ ታች ይመልከቱ። የወደቡ ውኃ የረጋ ነው፤ ከሩቅ፣ ከብዙ ፎቅ በታች፣ የዘይት ነጠብጣብ ተንሳፍፎበት ያያሉ። ከዚያ ቀና ብለው በመስታወቱ ልክ ወደ ፊት ይዩ። ያን ሌሊት ውኃው የነበረው እዚያ ነው።

ጥያቄ ካለ፣ እጃቸውን ካወጡት አራቱ እንጀምር።